ያላየውን የማይጽፍ ሰው

በ2011 ዓ.ም. የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ያሲንን ያወቅኩት በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ጤና ቤት ኮሪደር ላይ፣ ተጣልቼው።

መሞቱን የሰማሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በግ ልሸጥ ደብረ ብርሃን ገበያ ቆሜ የዚያ ጤና ቤት ጥበቃ የነበረው ሰውዬ አገኘኝ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣

"ያ ድሬው ሞተ እኮ፤ ሰማህ?" አለኝ።

"የትኛው ድሬ?"

"ያሲን ነዋ! ላብራቶሪው። አገሩ ከገባ በኋላ ታሞ፣ ሳይቆይ።"

በጉን በገመድ እንደያዝኩ ቀረሁ። ገዢ መጥቶ የበጉን ጥርስ ከፍቶ ያያል፣ ወገቡን ይዳብሳል፣ "ስንት ትላለህ?" ይለኛል፤ እኔ አልመልስም። "ሰውዬው ደንቆሮ ነው" ብሎ ሄደ። በጉን ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ማሳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ አጥር ልጠግን እጀምራለሁ፣ እተወዋለሁ። እንዲህ ከምሆን ልጻፈው ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከፊርማ ያለፈ ብዙ አልጻፍኩም። ቢሆንም ያየሁትን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ወደ እሱ የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ረድኤት ናት። የልጄ የአለሚቱ ልጅ። የአለሚቱ ባል አረርቲ ግንበኛ ሆኖ ይሠራል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ከእኔ ጋር፣ አንኮበር ውስጥ ከጎረቤላ ከተማ በላይ የአንድ ሰዓት መንገድ ሽቅብ በሚያስኬደው ቤቴ ነው የሚኖሩት። ረድኤት ጡት ብቻ ስትጠባ ድንቡሽቡሽ ያለች ልጅ ነበረች። ገንፎ ከጀመረች ወዲህ ግን ሆዷ አልረጋ አለ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያስቀምጣታል። ሰገራዋ ነጣ ያለ፣ ብዙ፣ ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ። ሆዷ ተነፋ፤ እጅና እግሯ ሰለለ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ገና ግድግዳ ይዛ ነበር የምትቆመው። አትስቅም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሕፃን ልጅ ታሞም ቢሆን አንዳንዴ ይስቃል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ አሜባ ነው አሉን፣ ሌላው ጋ ጃርዲያ፣ ሦስተኛው ጋ ወስፋት። ሽሮፕ ይሰጡናል፣ ለሳምንት ጋብ ይልላታል፣ ከዚያ ያው ነው። ጸበል ሁለት ሱባዔ ይዘንላት ሰነበትን። አንዲት ጎረቤታችን "የወተት ጥርሷን አስነቅሉላት፣ እሱ ነው" ብላ ወረንጦ ይዛ መጣች፤ በዱላ አባረርኳት። እስከ ዛሬ አታናግረኝም። በሱ አልጸጸትም። የምጸጸትበት ሌላ ነው።

ያን ቀን አለሚቱ ልጇን አዝላ፣ እኔ ሰገራውን በክብሪት ቀፎ ይዤ፣ ከጎረቤላ በመጀመሪያው መኪና ወጣን። ጤና ቤቱ ደርሰን፣ ካርድ አውጥተን፣ ላብራቶሪ ወደሚሉት ትንሽ መስኮት ላኩን። ቀፎውን በመስኮቱ አቀበልኩ። ውስጥ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው አለ፤ ከነጭ ጋውኑ በላይ ጋቢ ደርቧል። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳልለመደው ከሩቁ ያስታውቃል። ቀፎውን ከፈተ፣ አየው፣ እኔን አየኝ።

"አቦ፣ ይሄ መቼ የወጣ ነው?"

"ዛሬ ጎህ ሳይቀድ።"

"አሁን እኮ አራት ሰዓት ሆኗል። ይሄ ደርቋል። ብትጭረው ይነድልህ ይሆናል እንጂ ለሌላ አይሆንም። ልጅቱን እዚህ አምጣት፣ እዚሁ ታውጣ፣ ትኩሱን አይልሃለሁ።"

አምጣት! ብትጭረው! ልጄ የሚሆን ሰው አንተ አለኝ።

"ስማ አንተ!" አልኩት። "አንተ የምትለኝ የት አብረን ውለን ነው? እኔ አባትህ እሆናለሁ።"

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ነው የሚንቀጠቀጠው።

"አባባ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እኛ አገር አባታችንንም አንተ ነው የምንለው። እርስዎ የምንለው የተኳረፍነውን ነው። ካልተኳረፍን እርስዎ አልልህም።"

"ሌሎቹ ደረቁን አይተው አሜባ አግኝተውበታል" አልኩት፣ ንዴቴን የምወጣበት ሳጣ።

"እንግዲያው የነሱ ዓይን ከኔ ይበልጣል። እኔ ያላየሁትን አልጽፍም።"

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ለነርሷም ይላታል፣ ለአለቃውም ይለዋል፣ "ምነው ቶሎ ብትጽፍልኝ" ለሚለው ባለጉዳይም ይለዋል።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። በቀን ስድስት ጊዜ የሚያስቀምጣት ልጅ ያን ቀን ጸጥ አለች። እኔ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አለሚቱ "አባዬ፣ አንዴ ተቀመጥ፣ አዞርከኝ" ትለኛለች። እሱ በየመሐሉ ራሱን በበሩ ብቅ ያደርግና፣

"ልዕልቲቱ ምን አለች?" ይላል።

"ምንም።"

"ታስብበት፣ ችግር የለም።"

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወጣ። እሱ አልወጣም። መጥቶ አጠገባችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ከጋቢው ሥር ዳቦ አወጣ፤ ለሦስት ቆርሶ ለእኔና ለአለሚቱ ሰጠን፤ ከራሱ ድርሻ ደግሞ ለስላሳውን ቆንጥሮ ለረድኤት አጎረሳት። "የድሬ ዳቦ አይደለም፣ ግን ይበላል" አላት። ምን ያህል እንደከሳች እያየ እግሯን በሁለት ጣቱ ለካ። ያኔ አልወደድኩለትም፤ የሰውን ልጅ እንደ በግ መለካት ምንድን ነው ብዬ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ልጅቱ አወጣች። እየሮጠ ነው ይዞት የገባው። በበሩ ክፍተት አየዋለሁ፤ አንድ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ሁለቱንም ገልጦ ነው በዚያ ማይክሮስኮፕ የሚያየው፤ ሲያይ ደግሞ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሦስት ጊዜ አዲስ መስታወት ላይ ቀባ። ሦስት ጊዜ አየ። ከዚያ ወጣ።

"ምንም የለም።"

"ምን ማለት ነው ምንም የለም? ከአንኮበር ድረስ መጥቼ ምንም የለም?"

"አሜባ የለም። ጃርዲያ የለም። የትል እንቁላል የለም።"

"ታዲያ ፈልጋ!"

"ፈለግኩ እኮ አቦ። ሦስቴ።"

"እንዲያው አንድ ነገር ጻፍልኝ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው እንደሚለው በኋላ አወቅኩ። ባዶ ወረቀት ይዞ ከመመለስ የበሽታ ስም ይዞ መመለስ ይሻላል፤ ቢያንስ መንገዱ በከንቱ አልሄደም ያሰኛል። ጥበቃዎቹ እንኳ "አቶ ምንም የለም" የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሰዎች ይሰድቡት ነበር። እሱ ግን አይጽፍም።

"ና ግባ" አለኝ። "አላመንከኝም። ራስህ እየው።"

ገባሁ። ዓይኔን አስጠግቼ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ቅንድብ ነው። "ትንሽ ራቅ በል፣ አትታገለው" አለኝ። ራቅ ስል ብርሃን መጣ፤ ብርሃኑ ውስጥ ክብ ክብ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሞልተዋል፤ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት።

"ዘይት ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። "የበላችው ቅባት፣ ሆዷ ሳይወስደው የወጣ። አባባ፣ ይቺን ልጅ ትል እየበላት አይደለም። የራሷ ሆድ ነው ምግቡን አልቀበልም ያለው። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጋ ግን ይሄን ወረቀት ራሴ ነው የምወስደው።"

ወሰደውም። የሕፃናት ሐኪሙ ጋውኑን አውልቆ ሊወጣ ሲል በር ላይ ይዞ ቆመበት። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ ያሲን ወረቀቱን ያሳያል። ተመልሶ ገባ። ልጅቱን አገላብጦ አያት፣ ምን እንደምትበላ አለሚቱን አንድ በአንድ ጠየቃት፣ ደም አስቀዳና አዲስ አበባ ላከው።

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ ለያሲን አንድ ከረጢት በሶ ይዤለት ሄድኩ። የራሴ ማሳ ገብስ ነው። ሲበርደው አይቼ ነው፤ እንጂ ይቅርታ ለማለት አልነበረም፣ ይቅርታ አላውቅበትም። በስኳር በጥብጦ እዚያው ፊታችን ጠጣና፣ "ወላሂ፣ የዚህ አገር ሰው ብርዱን በምን እንደሚችለው ዛሬ ገባኝ" አለ።

ሐኪሙ ውጤቱን ነገረን። ስሙ ሴሊያክ ይባላል። "ስንዴና ገብስ የአንጀቷን ግድግዳ ይጎዳባታል" አለ። "መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ መተው ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ ከቶ አትቅመስ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል ስጧት። ደሙ ይህን ያሳያል፤ እርግጡን ግን ምግቡ ይነግረናል። ሁለት ወር በደንብ ጠብቃችሁ ካልተሻላት፣ ተሳስተናል ማለት ነው፤ ሌላ እንፈልጋለን።"

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ አለሚቱ ለያሲን ነገረችው። ግንባሩን በእጁ መታ።

"ያ አላህ! ያን ቀን ዳቦ ሰጠኋት!"

ጉልበቱን አጥፎ መሬት ላይ ቁጭ አለና ለሁለት ዓመት ሕፃን፣ "ልዕልት፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ" አላት። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። አለሚቱም ሳቀች፤ በስንት ወሯ። እኔ ቆሜ "ሰውየው ምን ነካው?" እላለሁ። ማንም ያልጠየቀውን ጥፋት እንዲህ አደባባይ ማውጣት ለእኔ አዲስ ነበር።

ውስጤ ግን አልተቀበለም። ገብስ! አባቴ ያደገበት፣ እኔ ያደግኩበት፣ ሰባት ልጅ ያሳደግኩበት። እኛ ደጋ ላይ ከሱ ሌላ ምን ይበቅላል? "ሰው በገብስ ይታመማል የሚባል ወሬ ዛሬ ሰማሁ" አልኩት ያሲንን። "እኔም ከመጽሐፍ ሌላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። "ግን አባባ፣ እሷ አንተ አይደለችም።"

አለሚቱ የተባለችውን አደረገች። ባሏ ከአረርቲ ጤፍ ላከላት። ወፍጮ ቤቱ ገብስ ስለሚፈጭ እዚያ አልወሰደችውም፤ አዲስ የድንጋይ ወፍጮ አስጠርባ በእጇ ትፈጫለች። ለልጇ ድስት ለየች፣ ወንፊት ለየች፣ ማንኪያ ለየች። መዳፏ ቆሰለ። በሁለት ሳምንት ልጅቱ ለውጥ አሳየች፤ ሰገራዋ ሦስቴ ሆነ፣ ሁለቴ ሆነ። አንድ ቀን ግድግዳውን ለቃ ሁለት እርምጃ ሄደች።

እኔ ግን ክንዷን አያለሁ። ያው ሰላላ ነው። ጤፉ አልጠገናትም አልኩ በልቤ። ይቺ ልጅ ያነሳት ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ ጭኮ ነው። በሶውን በንጥር ቅቤ አሽቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። "ፀሐይ ላሙቃት" እላለሁና ከገለባው ክምር ጀርባ ይዣት እሄዳለሁ፤ ቆንጥሬ አጎርሳታለሁ። እንዴት እንደምትበላው! ሌላውን ሁሉ ፊቷን አዙራ የምትገፋ ልጅ፣ ይህን ጣቴን እስክትነክሰኝ ትበላለች። እንዲህ እየበላች እንዴት ይጎዳታል? አላመንኩም። አለማመን ብቻ አልነበረም፤ እልህም ነበረበት። አንድ ወረቀት ከአዲስ አበባ መጥቶ ማሳዬን መርዝ ነው ሲለኝ ዝም ልል? ቀስ በቀስ ልጅቱ ራሷ እየዳኸች መጥታ ኪሴን መዳበስ ጀመረች።

ተቅማጡ ተመለሰ። አለሚቱ ልታብድ ደረሰች። ወንፊቱን ቀየረች፣ የጎረቤት ልጆች እንዳይቀርቧት ከለከለች፣ ጤፉን እንደ ገና ፍሬ በፍሬ ለቀመች። አንድ ቀን፣

"አባዬ፣ አንተ ጋ ስትሆን ምን ቀምሳ ይሆን?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

በጥር መጨረሻ ቀጠሮው ደረሰ። ልጅቱ ከበፊቱ የባሰች ሆና ነው የሄድነው። ሰገራ ለመስጠት ማንንም አላስጠበቀችም። ያሲን ይዞ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፤ ማንጎራጎሩን ከውጭ እሰማለሁ። ድንገት ማንጎራጎሩ ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

"አባባ፣ አንዴ ይግቡ።"

ይግቡ። ተኳርፈናል ማለት ነው።

ገባሁ። በሩን ዘጋ። ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ መስታወት አድርጓል። "ይመልከቱ" አለኝ። አየሁ። ቡናማ ስብርባሪ፣ ጫፉ ጠቆር ያለ፣ እንደ ተቆላ ነገር።

"ምን ይመስልዎታል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ያመጡልኝ በሶ ነው። ለማስተያየት ብዬ ነው የቀባሁት።"

መስታወቱን አንስቶ ሌላ አስቀመጠ። "አሁን ይመልከቱ።" ያ ዘይት አለ፣ በፊት ያየሁት። በዘይቱ መካከል ደግሞ ያው ቡናማ ስብርባሪ፣ ጫፉ ጠቆር ያለ።

"ይሄኛው የልጅቱ ነው" አለ።

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አላነሳሁም። ማንሳት ፈራሁ።

"እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ" አለኝ። "የተቆላ ገብስ ስባሪ የሚመስል ታይቷል ብዬ። ማን እንዳጎረሳት አላየሁም። ስለዚህ እሱን አልጽፍም።"

ወረቀቱን ይዘን ሐኪሙ ጋ ገባን። አለሚቱ ከፊቱ ተቀመጠች፤ እኔ ረድኤትን ታቅፌ ከጎኗ። አነበበው። አንገቱን ቀና አድርጎ እሷን አያት።

"ገብስ አብልተሻታል።"

"አላበላሁም ዶክተር!"

"ውጤቱ እኮ ይናገራል።"

"ማርያምን አላበላኋትም! ጤፏን በእጄ ነው የምፈጨው። ይኸው እጄን ይዩት!"

"እጅሽን ማየት አይደለም የያዝኩት። ሁለት ወር ምን አልኩሽ? እናት ልጇን ካልጠበቀች እኔ እዚህ ተቀምጬ ምን ላድርግላት? የምትዋሺኝ ከሆነ የእኔንም የራስሽንም ጊዜ አታቃጥይ።"

አለሚቱ መዳፎቿን እንደ ዘረጋች ነው። በዚህ መካከል የረድኤት ትንሽ እጅ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ገባች፤ ትፈልጋለች። ጭኮው አለ። እጇን ከውጭ፣ በጨርቁ ላይ ጨብጬ ያዝኳት፣ እንዳታወጣው። ጨብጬ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ ያላጠፋችውን ስትሰደብ እንዲህ ሆኜ ነው የሰማሁት።

ስንወጣ ያሲን ጋቢውን ተከናንቦ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የአለሚቱን ዓይን አየ፤ ከዚያ እኔን። እሷ ወደ በሩ አልፋ ስትሄድ ክንዴን ያዘኝ።

"አባባ፣ ወረቀታቸው በእጄ አልፎ የሞቱ ሕፃናት አሉ። መልሳቸውን ስንፈልግ የሞቱ። የዚች መልስ ተገኝቷል። እናቲቱ ግን ዛሬ የተገኘው ውሸት ነው ብላ ነው የምትወጣው።"

"አንተ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

"ይሄ ነው ሥራዬ" አለ። ክንዴን ለቀቀ።

ከጎረቤላ ሽቅብ ስንወጣ አለሚቱ ልጇን አዝላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ ልናገር እጀምራለሁ፣ እውጠዋለሁ። ቤት ገብታ ልጇን ካወረደች በኋላ ነው የተናገረችው፤ ወደ እኔ ሳትዞር።

"በቃኝ አባዬ። ይኸው ሁለት ወር ጠበቅኩ። ምግቡም አልሆነ፣ ሐኪሙም ውሸታም አለኝ። ድሮም ሐሰት ነው፣ ገብስ ሰው አይገድልም። ነገ ጠዋት ገንፎዋን አገነፋላታለሁ። የአገሩ ልጅ የሚበላውን ትብላ። ብትሞትም ጠግባ ትሙት።"

እኔ ለሁለት ወር በልቤ ስለው የነበረውን ነው ያለችው። ከሷ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። በዚያ መስታወት ያየሁት ስብርባሪ ዓይኔ ላይ ቀረ። ገብሱ ውሸት አልነበረም። ወረቀቱም ውሸት አልነበረም። እውነቱን ውሸት ያስመሰልኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ በዚያው ይቀራል።

ልጅቱ ተረፈች ወይ ለሚል፣ ተርፋለች። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሰው ዳቦ ሲሰጣት "ለእኔ አይሆንም" ትላለች፣ ስትናገር አትሽኮረመምም። ያሲንንም ከዚያ በኋላ አገሩ እስኪገባ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አንተ ወደ ማለቱ ተመልሶ ነበር። ላመሰግነው ስጀምር "እሱን ተወውና ልጅቱን አሳየኝ" እያለ ያቋርጠኛል፤ አንድም ቀን አስጨርሶኝ አያውቅም። የጻፍኩትም ስላላስጨረሰኝ ነው። የሚቀረኝ የዚያ ቀን ማግስት ጠዋት ነው።

አለሚቱ ማለዳ ተነስታ ውኃ ጥዳለች። የገብስ ዱቄቱን በሰፌድ ይዛ ውኃው እስኪፈላ ትጠብቃለች። ረድኤት መደቡ ላይ ተቀምጣ ድስቱን ታያለች።

"ተዪው" አልኳት።

"ምኑን?"

ከኪሴ ላስቲኩን አውጥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ፈታሁት። ጭኮው ላይ የጣቴ አሻራ አለበት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ከኅዳር ጀምሮ። ፀሐይ ላሙቃት እያልኩ።"

ጭኮውን አየችው። እኔን አየችኝ። ውኃው ፈልቶ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይንጫጫል፤ አላወረደችውም።

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ትናንት ሲሰድበኝ አጠገቤ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ድስቱን አወረደች፣ አንቀልባውን ከግድግዳ አነሳች። "ዙር" አለችኝ። ዞርኩ። ልጅቱን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ደረቴ ላይ ጭነት እንደሚጭን ሰው ጠብቃ አሰረችው፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ። ሁለት ቅቅል ድንችና እንቁላል በፌስታል አስያዘችኝ።

"ከዚህ ሌላ አፏ እንዳይገባ። ሂድና ለሐኪሙ አንተው ንገረው። ማን እንደዋሸው በስሜ ሳይሆን በስምህ ንገረው። እስክትነግረው እኔ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም።"

ወጣሁ። በዕድሜዬ ልጅ አዝዬ አላውቅም፤ በእኛ አገር ወንድ አያዝልም። ቁልቁለቱን እየተንገዳገድኩ ወረድኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ጎረቤላ ስገባ ሰው ሞልቷል። አንዱ ከሩቅ አይቶኝ፣

"ጋሽ ሽፈራው! ሞግዚት ተቀጠርክ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ።

"አዎ" አልኩ። "ዞር በሉልኝ፣ መኪናው ያመልጠኛል።"

ረድኤት ከጀርባዬ እጇን አሾልካ ኪሴን ዳበሰች፤ ባዶ ሲሆንባት አለቀሰች። እያለቀሰች ተሳፈርን፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድንች እያጎረስኳት ሄድኩ፣ ሐኪሙ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት።